ተሸንፎ ዕጣ መጠበቅ

ባንድ የገና ሰሞን በላሊበላ ከተማ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው መምህር፣ ሁለተኛው የወረዳ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የክርክራቸው ነገር የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ነበር። ጨዋታው እዚያ ማታ ሲደረግ እዚህ ሊነጋ ሲል ነውና፣ ሁለቱም ወደ ሥራ ሳይገቡ ውጤቱን በስልካቸው እንደሚያዩ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። መምህሩ «ቡድናችን እንደ ገና እስኪቋቋም ድረስ ዘንድሮ ቢሸነፍ ይሻለዋል፤ በተሸነፈ ቍጥር የዕጣ ዕድሉ ይበዛል» አለ። የሒሳብ ሠራተኛውም «ዕጣው ባይወጣለትስ?» ሲል መለሰለት።

አጠገባቸው ለበዓሉ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። ነገሩን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፣ ጣልቃ ገባሁባችሁ፤ ለመሆኑ ለመሸነፍ ብሎ የሚጫወት ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ወንበሩን ወደ እርሳቸው አስጠግቶ «አባቴ፣ ለዕጣው ብለው ነው» እያለ ያስረዳቸው ጀመር።

የሽማግሌው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ስለ ኳስ ብቻ የተጠየቀ ቢመስልም ተማሪውንም ሹመኛውንም የሚነካ ነው። ውድቀት ሽልማት ያለው እንደ ሆነ ሰው እንዴት ሆኖ ይሠራል? ዕጣስ ለምን ነገር ይበጃል፣ ለምንስ አይበጅም? አሳቤን ከመስጠቴ በፊት የጨዋታውን ሕግ ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ውስጥ 30 ቡድኖች አሉ። በየዓመቱ ከኮሌጅና ከውጭ አገር የሚመጡትን አዳዲስ ወጣቶች ቡድኖቹ በተራ እየመረጡ ይወስዳሉ። ይህ ልማድ የተጀመረው በ1947 ሲሆን፣ ደካማው ቡድን ቀድሞ እንዲመርጥ መደረጉ ሀብታሙ ሁሉንም እንዳይጠቀልለው ነው። አሳቡ ቅን ነው። ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ አንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያውን ተራ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ ይሸነፋል የሚል ሐሜት በዛ። በዚህም ምክንያት በ1985 ዕጣ መጣል ተጀመረ። በዚያን ዓመት ከፍጻሜው ውድድር ውጭ የቀሩት ሰባት ቡድኖች ሁሉ እኩል ዕድል ነበራቸው፤ ዕጣው የወጣውም ለኒውዮርክ ነበር።

እኩል ዕድል መስጠቱ ደግሞ «እጅግ ደካማውን በደለ» ተባለና በ1990 ዕድሉ እንደ ድካሙ እንዲመዘን ተደረገ። በ1993 ግን ከ66 ኳሶች አንዲት ብቻ የነበረችው የኦርላንዶ ቡድን ዕጣው ወጣላት። ከዚያም ሕጉ ተለውጦ መጨረሻ የወጣው ቡድን ከመቶ 25 ዕድል አገኘ። ይህም ብዙዎችን ለመሸነፍ ስላጓጓ፣ በ2019 እንደ ገና ተሻሽሎ መጨረሻ የወጡት ሦስቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከመቶ 14 እንዲሆንላቸው ተወሰነ። በዚያ ሕግ አወጣጡ እንዲህ ነው፤ ከ1 እስከ 14 ቍጥር የተጻፈባቸው ኳሶች በመሣሪያ ውስጥ ይናጡና አራቱ ይወጣሉ። አራት አራት ሆነው ሊወጡ የሚችሉት ጥምሮች 1,001 ናቸው። አንዱ ይጣልና የቀሩት 1,000 ለቡድኖቹ ይከፋፈላሉ፤ መጨረሻ ለወጣው ቡድን 140 ይደርሱታል። የፊተኞቹ አራት ተራዎች በዕጣ የሚወጡ ስለ ሆኑ፣ ከሁሉ የባሰው ቡድን እስከ አምስተኛ ተራ ሊወርድ ይችላል።

እንግዲህ የመምህሩን ነገር በቅንነት እንመዝነው። የቅርጫት ኳስ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት አምስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ብርቱ ልጅ ማግኘት የቡድኑን አንድ አምስተኛ ማግኘት ነው። ሳን አንቶኒዮ ባንድ የውድድር ዘመን 20 ጨዋታ ብቻ አሸንፋ በ1997 ዕጣ ወጣላትና ቲም ደንከንን መረጠች። ከእርሱም ጋር በ1999፣ በ2003፣ በ2005፣ በ2007 እና በ2014 አምስት ጊዜ ዋንጫ ወሰደች። ይህን ያየ ሰው «አንድ ዓመት ተሸንፎ ዐሥራ ሰባት ዓመት መግዛት ምን ክፋት አለው?» ቢል አይፈረድበትም።

ዳሩ ግን የሒሳብ ሠራተኛው በጥርጣሬው ከወዳጁ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነበር። ከመቶ 14 ዕድል አለኝ የሚል ሰው ከመቶ 86 እንደማያገኝ መናገሩ ነው። አንድ ቡድን ሦስት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ ቢወጣና በያመቱ 14 ቢደርሰው እንኳ፣ ሦስቱንም ጊዜ የመጀመሪያውን ተራ ሳያገኝ የሚቀርበት ዕድል ከመቶ 64 ያህል ነው። መጨረሻ የወጣው ቡድን ወደ አምስተኛ የመውረዱ ዕድልም ከመቶ 48 ይጠጋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሁለት ምስክሮች ልጥራ። የፊላዴልፊያ ቡድን ከ2013 እስከ 2016 ባሉት ሦስት የውድድር ዘመኖች 19፣ 18 እና 10 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ደጋፊዎቹ ታገሡ፤ «ይህ የመቋቋሚያ መንገድ ነው» እየተባሉም ተጽናኑ። በ2016 እና በ2017 የመጀመሪያውን ተራ አግኝተው መረጡ። ይሁን እንጂ ቡድኑ እስከ 2025 ድረስ ከፍጻሜው ውድድር ሁለተኛ ዙር አላለፈም። ሁለተኛው ምስክር ዲትሮይት ነው። በ2023 እና በ2024 መካከል ባለው ዘመን 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ፣ ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች 14 ብቻ አሸንፎ መጨረሻ ወጣ። ዕጣው ሲጣል አምስተኛ ሆነ። ባለፉት ሁለት ዓመታትም የደረሰው ያው አምስተኛው ተራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን አሠልጣኙን ለወጠ፤ ከወጣቶቹም ጋር ነገር የሚያውቁ ነባር ተጫዋቾችን ቀላቀለና 44 ጨዋታ አሸነፈ። ያን ዓመት ያነሣው የዕጣው ኳስ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ስለ ሳን አንቶኒዮም ቢሆን ያልተነገረ ነገር አለ። ደንከንን የሰጣት ዕጣ ቢሆንም፣ ከእርሱ ጋር ዋንጫ ያነሡትን ማኑ ጂኖቢሊን በ57ኛ፣ ቶኒ ፓርከርን በ28ኛ ተራ ያገኘቻቸው በፍለጋና በማስተማር ነው። ዴንቨርም በ2023 ዋንጫ የወሰደበትን ኒኮላ ዮኪችን የመረጠው በ2014 በ41ኛ ተራ ነው። 41ኛ ተራ ለማግኘት ብሎ የሚሸነፍ የለም። ዕጣ ልጁን ያመጣዋል፤ ልጁ የሚያድግበት ቤት ግን ዕጣው ከመጣሉ በፊት ተሠርቶ መቈየት አለበት።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። መምህሩ አስረድቶ ከጨረሰ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «ዕጣውን እኛም እናውቀዋለን። ወንድማማች የአባቱን መሬት ሲካፈል ዕጣ ይጥላል። ግን መጀመሪያ ለሙን ከለሙ፣ ጭንጫውን ከጭንጫው እናስተካክላለን። ሲስተካከል ነው ዕጣው። ማሳውን ጦም ላሳደረው ትልቁ ይድረሰው የሚል ዳኛ አይቼም አላውቅ።»

ይህ ንግግር ብዙ ቁም ነገር አለው። በላስታ ደጋ ለም መሬት ጠባብ ነው፤ ገደሉና ድንጋዩ ይበዛል። ስለዚህ ክፍያው ያለ ጠብ እንዲያልቅ አስቀድሞ እንደ ለምነቱ ይደለደላል፤ ከዚያም ምልክት ተሰጥቶ ነገሩን የማያውቅ ሕፃን ወይም መንገደኛ ዕጣውን ያነሣል። ማንም ሰው ዕድሉን በተንኰል ሊያበዛ አይችልም። የዕጣ ክብሩ ይህ ነው። ሰው በጥረቱም በስንፍናውም ሊያዘነብለው የማይችል በመሆኑ ተሸናፊው ሳያጕረመርም ይቀበለዋል።

እቁባችንንም ተመልከቱ። የእቁብ ዕጣ የሚወስነው ማን ቀድሞ ይውሰድ የሚለውን ነው እንጂ ማን ይውሰድ የሚለውን አይደለም። አንድ ጊዜ የደረሰው ከዕጣው ይወጣል፤ ሁሉም በተራው ይደርሰዋል። ያልከፈለ ግን ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ የደረሰውም ዋስ ጠርቶ ይወስዳል። እስቲ አንድ የእቁብ ዳኛ «ሳይከፍል ለከረመ ሰው ሦስት ዕጣ ይጻፍለት» ብሎ ቢፈርድ ምን ይሆናል? በሁለተኛው ሳምንት ከፋይ የሚባል አይገኝም። የአሜሪካው ሕግ ከ1985 ጀምሮ ደጋግሞ የተለወጠው ከዚህ ችግር ለመውጣት ሲፈለግ ነው። ደካማውን መርዳት ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ድካምን የሚለኩት በሽንፈት ስለ ሆነ፣ ርዳታው ሽንፈትን መልሶ ይገዛል።

ታዲያ ደካማው ይቅር፣ አይረዳ ማለቴ አይደለም። የእግር ኳሳችን ሕግ በዚህ በኩል ጨካኝ ነው። በፕሪሚየር ሊጋችን መጨረሻ የወጣ ቡድን ተራ አይጠብቅም፤ ይወርዳል። የሰሜን ወሎ ሰው ይህን በራሱ ቡድን አይቶታል። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። ቡድኑም በዚያን ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ይጫወት ነበር። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ወረደ። የአማረ ስታዲየም ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው፤ ዳሩ ግን ሜዳው ኳስ አይጫወትም። የወረደ ቡድን ገቢውም ተጫዋቹም ስለሚሸሸው መልሶ መነሣቱ ከባድ ነው። እንግዲህ አሜሪካኖቹ ለወደቀው አብዝተው ሲራሩ፣ እኛ የወደቀውን ገፍተን እንጥለዋለን።

መካከለኛው መንገድ ከወዴት ይገኛል? ከገና ሜዳ ይገኛል ብል አትሣቁብኝ። ልጆች በገና ጨዋታ ወገን ሲለዩ፣ ሁለት የቡድን አባቶች ይቆሙና ሌሎቹ በጕልበትና በችሎታ እየተመጣጠኑ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ጥንዶቹ ፈንጠር ብለው የምሥጢር ስም ይወጣሉ፤ አንዱ «ወርቅ» ሌላው «ብር» እንደ ማለት ነው። ተመልሰውም «ወርቅ ትሻለህ ወይስ ብር?» ብለው የቡድኑን አባት ይጠይቁታል። አባትየው ማን ወርቅ፣ ማን ብር እንደ ሆነ ስለማያውቅ አዳልቶ መምረጥ አይችልም። ጥንዶቹም አስቀድመው ስለ ተመጣጠኑ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሆናሉ። እኩልነቱን ያመጣው የልጆቹ ፍርድ ነው፤ ዕጣው ጠቡን ብቻ ያስቀራል።

ከዚሁ የሚዛመድ ብልኀት በሰሜን አሜሪካ ተገኝቷል። በ2024 መጫወት የጀመረው የሴቶች የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ያውም ጨዋታው እንደ ገናችን በቆልማማ ዱላ የሚደረግ ነው፣ የምርጫውን ተራ የሚሰጠው እንዲህ ነው። አንድ ቡድን ወደ ፍጻሜው ውድድር ማለፍ እንደማይችል ከተረጋገጠበት ቀን ጀምሮ ያገኘው ነጥብ ይቈጠርለታል፤ ብዙ ነጥብ ያገኘ ቀድሞ ይመርጣል። ደካማው ተስፋው ቀድሞ ስለሚቈረጥ ነጥብ የሚሰበስብበት ጨዋታ ይበዛለታል፤ ቢሆንም ካላሸነፈ አያገኝም። ርዳታው ሳይቀር ጥረቱም አልቀረም። የሻይ ቤቱ ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ «አሁን ሰው ሆናችሁ» ይሉ ይመስለኛል።

ስለ ልውውጥም ጥቂት ልበል፤ ሁለቱ ወጣቶች ከሁሉ የተከራከሩበት እርሱ ነውና። ልውውጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡ ቶሎ የማያስፈልገው ከሆነ፣ ለቸገረው ሰው ተራውን ጥቂት ጥቅም ይዞ ይሸጥለታል። የሚያዋጣውም ሻጩ «መቼ ያስፈልገኛል?» የሚለውን አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ኦርላንዶ በ1993 በዕጣ ያገኘውን የመጀመሪያ ተራ ተጠቅሞ የመረጠውን ልጅ ወዲያው ለጎልደን ስቴት ሰጠና፣ ሌላ ተጫዋችና ሦስት የወደፊት ተራዎች ተቀበለ፤ በ1995ም ለዋንጫ ግጥሚያ ደረሰ። ቦስተን በ2017 የመጀመሪያውን ተራ ለፊላዴልፊያ ለቅቆ ሦስተኛውን ተራና አንድ የወደፊት ተራ ወሰደ። በሦስተኛውም ጄሰን ቴተምን መረጠ፤ በ2024 ዋንጫውን ሲወስድ ቴተም ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ዳላስ ደግሞ በየካቲት 2025 ታላቁን ተጫዋች ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሰጥቶ ደጋፊውን አስለቀሰ። በዚያው ዓመት ከመቶ 1.8 ብቻ በሆነ ዕድል ዕጣው ወጣለትና ኩፐር ፍላግን መረጠ። ይህን አይቶ «ዳላስ ዐዋቂ ነው» የሚል ቢኖር፣ ጐርፍ ያመጣለትን ግንድ ራሴ ቈረጥሁት ከሚል ሰው አይለይም። መልካም ልውውጥ የሚባለው ዕጣው ባይወጣም የማያስቈጭ ነው።

አሁን ነገሩን ከኳስ ሜዳ ወደ ቢሮ ላምጣው። ላስታን በመሰሉ ድርቅ በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ርዳታ ብዙ ቤተ ሰብ ከረኃብ አድኗል፤ እርከን ተሠርቶበታል፣ መንገድ ተጠርጎበታል። ጥቂት ሀብት ያፈራው ቤተ ሰብ ግን «ተመርቋል» ተብሎ ከመዝገቡ ይወጣል። እንግዲህ አንድ አባወራ ሁለት በጎች ስላረባ ብቻ ርዳታው የሚቋረጥበት ከሆነና ቀጣዩ ዓመት ድርቅ ቢሆን ልጆቹን ምን እንደሚያበላ ካላወቀ፣ በጎቹን ባይቈጥር ይፈረድበታልን? ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ሕጉ «ከወደቅህ እሰጥሃለሁ፣ ከተነሣህ እነሣሃለሁ» ካለው የሕጉ ነው። ስለዚህ መዝገብ የምትይዘው ወጣት ሹም ሆይ፣ የሚነሣው ሰው በተነሣበት ዓመት እንዳይቀጣ ተጠንቀቅ። ወደ ላይ ስትጽፍም ወረዳህ የጐደላትን ብቻ አትዘርዝር፤ ባላት ምን እንደ ሠራች ጨምርበት። ችግርን ብቻ እያሳመሩ መጻፍ የለመደ ቢሮ ሳያውቀው ለመሸነፍ ይጫወታል።

ተማሪም ሁን አዲስ ሠራተኛ፣ ደግሞ ሌላው ነገር ይህ ነው። በዕጣ የሚመረጠው ተጫዋች አንተ ነህ። ከሕክምና ትምህርት ቤት የሚወጡ ሐኪሞች የሚሠሩበትን ክልል ለብዙ ዓመታት በዕጣ ሲያወጡ ኖረዋል። ብዙ መምህርና የግብርና ሠራተኛም ያላሰበው ደጋ ደርሶት «ዝውውር መቼ ይፈቀድልኛል?» እያለ ይቈጥራል። ዝውውር መጠየቅ ነውር የለበትም። ዳሩ ግን ዝውውሩን እየጠበቀ ሦስት ዓመት ሥራውን ያልያዘ ሰው፣ ዕጣውን እየጠበቀ ሦስት ዓመት የተሸነፈውን ቡድን ይመስላል። ቦታው ቢለወጥለት እንኳ ልማዱን ይዞት ይሄዳል። መሸነፍ የሚለመድ ነገር ነው፤ ሲለመድ ደግሞ በአዲስ ዓመት አይለቅም። አለቃ ለሆነውም ቃል አለኝ። ጐበዝ ምሩቅ በዕጣ ሲደርስህ የሚያስተምረው ነባር ሰው፣ የሚሠራበት ዕቃ፣ የሚሰማው ጆሮ ካላዘጋጀህለት ዕድልህን ለሌላ ቢሮ አሳድገህ ትሰጣለህ።

በመጨረሻ ሁለቱ ወጣቶች ሒሳብ ለመክፈል ሲሽቀዳደሙ ሽማግሌው ቀድመዋቸው ከፍለው ተነሡ። ከሻይ ቤቱ ውጭ ምእመናን ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ማርያም ይወርዱ ነበር። ታኅሣሥ 29 በዚያ ስፍራ የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድነት የሚከበርበት ቀን ነው። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉትን ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ይህ ሁሉ በምን ኀይል ተሠራ ብሎ ይደነቃል። የአገሩ ትውፊት፣ ቀን ሰዎች ሲወቅሩ ይውሉ ነበር፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥሉት ነበር ይላል። የሚያምነውም የማያምነውም አንድ ነገር ልብ ይበል። በትውፊቱ መሠረት እንኳ መላእክቱ የመጡት ሰው ቀኑን ሲወቅር በዋለበት ድንጋይ ላይ ነው። መሮውን ጥሎ ሌሊቱን ለጠበቀ ሰው መጡ የሚል ታሪክ በላስታ የለም።

ዕጣም እንዲሁ ነው። ሲወጣ በደስታ እንቀበለው፤ እስኪወጣ ግን መሮአችንን አንጣል።